እንቁላሉን ማን ያዘው?

በ2009 ዓ.ም. ኅዳር ላይ፣ ገብሱ ታጭዶ ገና ሳይወቃ፣ አንድ ሰው እናቴ ቤት ገብቶ ከእንቁላል ውስጥ መርፌና ፀጉር አወጣ። ሲሄድ 17,400 ብር ይዞ ሄደ። ብሩ የአንድ በሬና የጥቂት በጎች ዋጋ ነበር። አባቴ ካረፈ ሁለተኛ ዓመቱ ነው፤ ታናሽ እህቴን የሚጥል በሽታ ከያዛት ደግሞ አምስተኛ ወሩ። እኔ ያን ጊዜ ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ተማሪ ነበርኩ። ቤታችን ባሶና ወራና ውስጥ፣ ከአስፋልቱ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ገባ ብሎ ነው።

ይህን የምጽፈው እናቴን አስፈቅጄ ነው። «ሌላዋ እንደኔ እንዳትሆን ከጠቀመ ጻፈው፤ ስሜን ግን ተወው» አለችኝ።

ሰውየው ጋቢ ለብሷል፣ መቁጠሪያ ይዟል፣ ንግግሩ ዝግ ያለ ነው። ከአንኮበር የመጣሁ ባለመድኃኒት ነኝ አለ። በእኛ አገር አንኮበር ሲባል የደብተራና የመድኃኒት ስም አብሮ ይነሣል፤ ያ ብቻውን ግማሽ መንገድ ወሰደው። ውሃ ለምኖ ጠጣና ተቀመጠ። ጥቂት ቆይቶ ማንም ሳይነግረው የአባቴን ስም ከነክርስትና ስሙ ጠራ። እህቴ መጀመሪያ የወደቀችው ወንዝ ዳር ውሃ ስትቀዳ መሆኑን ተናገረ። ክረምት ላይ የሞተችብንን ላም ቀለሟን ሳይቀር አወቀ። እናቴን እዚያው ጉልበቷ ከዳት።

«እንቁላል አምጪ» አላት። ከራሷ ዶሮ፣ በራሷ እጅ አመጣች። እሱ ተቀብሎ በእህቴ ራስ ላይ ሦስት ጊዜ አዞረው። ከዚያ ወደ ምሥራቅ ዞራችሁ፣ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ አቡነ ዘበሰማያት ድገሙ አላቸው። ደገሙ። ጸሎቱ ሲያልቅ እንቁላሉን ሳህን ላይ ሰበረው፤ ከአስኳሉ ጋር በጥቁር ክር የተጠቀለለ ፀጉርና የዛገ መርፌ ወጣ።

«ያስደረገችባችሁ የቅርብ ሰው ናት። ቡና አብራችሁ ትጠጣለች። ልጅቷንም አቅፋታለች» አለ።

ይህ ለእናቴ አንዲት ሴት ብቻ ነበረች፤ አጥር የምንጋራት ጎረቤታችን፣ የእህቴ የክርስትና እናት። እትዬ እያልን ያደግንባት፣ አባቴ ሲሞት አርባው እስኪወጣ እኛ ቤት ያደረች ሴት።

ብሩ ከዚያ በኋላ ቀላል ሆነ። ቤት ያለው ገንዘብም ተነክቷልና ይጸለይበት ተባለ። በነጭ ጨርቅ ቋጠረው፣ ግንባሩ ላይ አድርጎ አነበነበበት፣ መልሶ ሰጣት። ጎታ ውስጥ ገብስ ሥር ቅበሪው፤ ሰባት ቀን እንዳትከፍቺው፤ ለማንም ትንፍሽ ብትይ በልጅቷ ይወጣል። በሰባተኛው ቀን ጨርቁ ሲፈታ የተገኘው በብር ልክ የተቆረጠ የደብተር ወረቀት ነው።

አገሩ ሁሉ አንድ ቃል ተናገረ፦ አፍዝ አደንግዝ።

እኔም ቃሉን ተቀበልኩት። ይህ ቃል ያጽናናል፤ የተዘረፈው ሰው «እኔ አይደለሁም፣ አደንዝዞኝ ነው» ለማለት ይችላል። ነገር ግን ከዚያ ወዲያ በሩን ይዘጋል። ደንዝዘን ከሆነ ልናስታውሰው፣ ልንመረምረው፣ ለሌላ ሰው ልናስተምረው የምንችለው ነገር አይኖርም። በልቤ ደግሞ ከዚህ የባሰ ሐሳብ ነበረኝ። «ብትማር ኖሮ አትታለልም ነበር» እል ነበር። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ፤ ግን ያኔ ያሰብኩት እንደዚያ ነው።

በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ ዶርም ውስጥ አንድ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ላፕቶፑ ላይ የቆየ ቪዲዮ ከፈተ። ፒተር ፖፖፍ የሚባል አሜሪካዊ ሰባኪ በትልቅ አዳራሽ ሕዝብ መካከል እየተዘዋወረ ሰዎችን በስማቸው ይጠራል፣ በሽታቸውን ይናገራል፣ የቤታቸውን አድራሻ ሳይቀር ይጠራል። ሰው ያለቅሳል። ከዚያ ያው ምስል በድጋሚ ታየ፤ አሁን ግን ሌላ ድምፅ ተጨምሮበታል። ሚስቱ ከአዳራሹ ጀርባ ሆና፣ ሰዎቹ ቀደም ብለው በጸሎት መጠየቂያ ካርድ ላይ የጻፉትን በሬዲዮ እያነበበችለት ነው። ጆሮው ውስጥ ትንሽ መቀበያ አለ። ድምፁ በ39.17 ሜጋኸርዝ ሲተላለፍ ተጠልፎ ተቀድቷል። ይህን በ1986 እ.ኤ.አ. በጆኒ ካርሰን የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይ ለሕዝብ ያሳየው ጢሙ ነጭ፣ ቁመቱ አጠር ያለ ሰው ነው። ጄምስ ራንዲ ይባላል። ፖሊስ አይደለም፣ ፓስተርም አይደለም። የመድረክ ምትሃተኛ ነው።

እኔ የሰማሁት ግን የአባቴን ስም ነው። ያ ሰው የአባቴን ስም ማን ነገረው?

ያን ሌሊት አልተኛሁም። ሲነጋ ወደ ቤት ደወልኩና እናቴን አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኋት። ከሰውየው በፊት ማን መጥቶ ነበር? ማንም አለች። ደግሜ ጠየቅኋት። ማንም። እውነቷን ነበር፤ አልታሰባትም። የታሰባት ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። ሰውየው ከመምጣቱ አራት ቀን በፊት ሰንደልና ሉባንጃ የምታዞር አንዲት ሴት ቤታችን ቡና ጠጥታ ነበር። የታመመ ልጅ አለኝ ብላ አለቀሰች። እናቴም አብራት አልቅሳ የራሷን ሁሉ ነገረቻት። የፖፖፍ ሚስት ካርድ ሰበሰበች፤ ይቺ እንባ ሰበሰበች።

ራንዲን ማንበብ የጀመርኩት በዚያ ሳምንት ነው። ሰውየው ኖሮት የነበረው ሕይወት ለአንድ ሰው ይበዛል። በ1928 እ.ኤ.አ. ቶሮንቶ፣ ካናዳ ተወለደ። በ13 ዓመቱ ከብስክሌት ወድቆ ጀርባው ተሰብሮ ከዓመት በላይ በጄሶ ታስሮ ተኛ፤ ሐኪሞች ዳግመኛ አይራመድም ብለው ነበር፤ የምትሃት መጻሕፍት ያነበበው እዚያ አልጋ ላይ ነው። በ17 ዓመቱ ትምህርቱን ጥሎ ከተጓዥ ትርኢት ጋር ሄደ። በሰንሰለትና በእስረኛ ጃኬት ታስሮ ማምለጥ ሥራው ሆነ። በ1956 እ.ኤ.አ. በታሸገ የብረት ሳጥን ውስጥ ሆኖ ውሃ ሥር 104 ደቂቃ ቆየ። ናያግራ ፏፏቴ ላይ ተዘቅዝቆ ተንጠልጥሎ ከእስር ጃኬት ወጣ። አሊስ ኩፐር ለሚባለው የሮክ ዘፋኝ በየምሽቱ አንገቱን «የሚቆርጥ» ገዳይ ሆኖ አብሮት ዞረ። ሸምግሎም አልተወም፤ ፈውስ የለበትም የሚለውን የሆሚዮፓቲ (መድኃኒቱ እጅግ ቀጥኖ የሚሰጥበት የሕክምና ዓይነት) የእንቅልፍ ክኒን በሕዝብ ፊት ሙሉ ብልቃጥ ውጦ እንቅልፍ ሳይጥለው ንግግሩን ይቀጥል ነበር። (ይህን ማንም እንዳይሞክረው፤ እሱ የሚውጠውን ያውቃል።)

በእኛ ቋንቋ የዚህን ሰው ሙያ መጥራት ራሱ ያስቸግራል። አስማት የሚለው ቃል ከግዕዝ ስም ከሚለው የመጣ ነው፤ ስሞች ማለት ነው፤ የሚደገሙት ስሞች። አስማተኛ ስንል ወዲያው ድግምት ይታየናል። ራንዲ ግን የሚደግመው ነገር የለውም፤ ያለው እጅ ነው። ተመልካቹም እጅ መሆኑን ያውቃል፤ ተስማምቶ ነው የሚታለለው። እናቴ ግን አልተስማማችም ነበር። ያንኑ ጥበብ ወስዶ ከበሽተኛ ልጅ እናት ብር የሚቀበል ሰው ራንዲን ያናድደው ነበር፤ ዕድሜውን የሰጠውም በዚህ ምክንያት ነው።

ከሥራዎቹ ሁሉ እኔን የጠቀመኝ የማንኪያው ነው። በ1973 እ.ኤ.አ. ዩሪ ጌለር የሚባል፣ ማንኪያ በሐሳብ አጣጥፋለሁ የሚል ሰው በዚያው በጆኒ ካርሰን ዝግጅት ላይ ሊቀርብ ነበር። ካርሰን ራሱ በወጣትነቱ ምትሃት ይሠራ ስለነበር አዘጋጆቹ ራንዲን አማከሩ። ምክሩ አጭር ነበር፦ ዕቃዎቹን እናንተ አቅርቡ፤ እሱም ሰዎቹም ከዝግጅቱ በፊት አጠገባቸው እንዳይደርሱ። ጌለር ከ20 ደቂቃ በላይ ተቀምጦ ምንም ማድረግ አልቻለም፤ ዛሬ ኃይሌ ደካማ ነው አለ። (ዝናው ግን በዚህ አልቀነሰም፤ እንዲያውም ገነነ። ይህን ሳነብ ማጋለጥ ብቻውን እንደማይበቃ ገባኝ፤ በኋላ በራሴም ቤት አየሁት።)

ሁለተኛው ስለ እናቴ የነበረኝን ክፉ ሐሳብ የነቀለልኝ ነው። በ1979 እ.ኤ.አ. ሴንት ሉዊስ የሚገኘው ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ከተፈጥሮ በላይ የሆነ የአእምሮ ኃይልን እንዲያጠና 500,000 ዶላር ተሰጠው። ራንዲ ገና ልጅ እግር የሆኑ ሁለት ምትሃተኞችን ላከ፤ ኃይል አለን ብለው ገቡ። ለተመራማሪዎቹም እንዳትታለሉ ብሎ የጥንቃቄ ነጥቦች ጻፈላቸው። ልጆቹን ደግሞ «በቀጥታ ከጠየቋችሁ እውነቱን ተናገሩ» አላቸው። ሁለቱ ልጆች ዓመታት ሙሉ ማንኪያ ሲያጣጥፉ ከረሙ። ማንም አልጠየቃቸውም። ነገሩ በ1983 እ.ኤ.አ. ይፋ ሲሆን የፊዚክስ ፕሮፌሰር በእጅ ሥራ ተሸውዶ ተገኘ። የኔው ሙያ ፕሮፌሰር! እናቴ ፊደል ባትቆጥርም በምን ታንሳለች? የተማረ ሰው ተፈጥሮ አይዋሸኝም ብሎ ይሠራል፤ እናቴ መቁጠሪያ የያዘ ሰው አይዋሸኝም ብላ አመነች።

ከዚያ ምትሃት መማር ጀመርኩ። ሳንቲም በመዳፍ መደበቅ፣ ኳስ መለወጥ፣ በመጨረሻም እንቁላል። ከአንድ ዓመት በላይ ፈጀብኝ። ስሠራው ነው በእውነት የገባኝ። ሰው ሲያፈጥብህ አትለውጥም። የምትለውጠው ሰዉ «ገና አልተጀመረም» ወይም «አልቋል» ብሎ ዓይኑን ሲያሳርፍ ነው። ያ ሰው የእናቴን እንቁላል የለወጠው በጸሎቱ ሰዓት ነው። መርፌና ፀጉር የገባበት፣ ቀዳዳው በሰም የተደፈነ ሌላ እንቁላል ጋቢው እጥፋት ውስጥ ነበር። የብሩም ቋጠሮ እንደዚሁ፤ ሁለት አንድ ዓይነት ጨርቅ። ሰባቱ ቀን የመድኃኒት አይደለም፤ የመሸሻ ነው። «ለማንም አትናገሪ» የሚለውም ያው ነው፤ እትዬን ብትጠይቃት ኖሮ ነገሩ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይፈርስ ነበርና። እትዬን አስቀድሞ ጠላት ያደረጋት ለዚህ ነው ብዬ አምናለሁ። የምትጠየቀውን ሰው ከመንገድ ማንሳት።

ስለዚህ እንቁላሉ የማን ነው ብሎ መጠየቅ አይበቃም። እንቁላሉ የኛ ነበር። ከመጣበት እስከተሰበረበት በማን እጅ ቆየ? ያን ጊዜ ዓይናችሁ የት ነበር፣ ማንስ ወደዚያ አዞረው? ስለ እናንተ ያወቀውን ሁሉ ደግሞ ባለፈው አንድ ወር ለማን ነግራችኋል? ዛሬ ሰንደል ሻጭም አታስፈልግም፤ የለቅሶውን ፎቶ፣ የታመመውን ልጅ፣ የክርስትና ስሙን እኛው ራሳችን ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ እናስቀምጣለን።

ራንዲ አንድ ሚሊዮን ዶላር ሽልማት አቁሞ ነበር፤ ከ1996 እስከ 2015 እ.ኤ.አ.። ኃይል አለኝ የሚል ሰው ከመፈተኑ በፊት ሁለቱ ወገኖች ምን ቢሆን ተሳካ፣ ምን ቢሆን አልተሳካም እንደሚባል በጽሑፍ ይስማማሉ። አንድም ሰው አልወሰደውም። እኛ ሚሊዮን ዶላር የለንም፤ ግን ለባለመድኃኒቱ «እንቁላሉ እጄ ላይ እንዳለ እኔው ልስበረው» ማለት እንችላለን። እምቢ ካለ መልሱ ተገኝቷል።

አሁን ያጠፋሁትን ልናገር። በ2010 ዓ.ም. ክረምት ተመርቄ ስመለስ እናቴን ቁጭ አድርጌ ሁሉንም አብራራሁላት። እንቁላሉን ለወጥኩላት፣ ሰበርኩላት፣ ክር አወጣሁ። ደስ የሚላት መስሎኝ ነበር። ፊቷ ጠቆረ። «እሱ ሌላ፣ ይሄ ሌላ» ብላ ወደ ጓዳ ገባች፤ ስታለቅስ ሰማኋት። ዓመት ሙሉ አላነሣንም። ያን ቀን ያሳየኋት ሞኝነቷን ነበር፤ ሞኝ ነሽ የተባለ ሰው ደግሞ የያዘውን አጥብቆ ይይዛል። ያመነችው ውሸት ቢፈርስ እትዬን በከንቱ መበደሏ ይወጣል፤ ያን መሸከም አልቻለችም። የተታለለ ዘመድ ያላችሁ ሁሉ፣ እባካችሁ መጀመሪያ እንዴት እንደተታለለ አትንገሩት። መጀመሪያ ፕሮፌሰሩን ንገሩት።

እኔ በመጨረሻ ያደረግሁት ይህንን ነው። የንስሐ አባታችን ዘንድ ሄድኩ። ራንዲ በእግዚአብሔር የማያምን ሰው ነበር፤ እኔ ግን አማኝ ነኝ፣ እናቴም ናት፤ ይህን ነገር ከእምነታችን ጋር ያጋጨሁት እንዲመስላት አልፈለግሁም። አባ ሰምተው ሲያበቁ «በጸሎት ሰዓት ነው ያልከኝ?» ብለው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። «እኔም ልይ። እሷንም ጎረቤቷንም እጠራቸዋለሁ» አሉ።

ጥር 2012 ዓ.ም. ነው። እትዬ ከሦስት ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ቤታችን ገብታ በር ሥር ተቀመጠች። እንቁላሉን ከራሷ ቤት እንድታመጣ፣ ላዩም ላይ በከሰል መስቀል እንድታደርግበት ጠይቄያታለሁ። መጀመሪያ ስለ ሴንት ሉዊሱ ፕሮፌሰር አወራሁ። ከዚያ እንቁላሉን ተቀብዬ «እማዬ፣ እሳቱ ላይ እጣን ጨምሪ» አልኳት። ሁሉም ወደ እጣኑ አዩ። ሳህን ላይ ሰበርኩት። ቀይ ክር ወጣ። አባ አማተቡ። እኔ ጋቢዬን ከፍቼ በከሰል መስቀል የተደረገበትን የእትዬን እንቁላል አውጥቼ እጇ ላይ መልሼ አስቀመጥኩላት።

ማንም አልተናገረም። እናቴ እንቁላሉን አየችው፣ ከዚያ እትዬን አየቻት። «ሰንደል ሻጯ» አለች በቀስታ። «አራት ቀን በፊት። ሁሉን ነግሬያታለሁ።»

በማግሥቱ ጎሕ ሲቀድ እናቴ ትልቅ ድንጋይ በማጅራቷ ተሸክማ አጥሩን ዞራ ሄደች። እትዬ ከደጇ ሳትደርስ ሮጣ ወጥታ ድንጋዩን አወረደችላት። ያን ያየሁት ከእኛ ደጃፍ ሆኜ ነው።

እህቴን በተመለከተ አጭር ልበል፤ የሚጥል በሽታ ቤት ያለው ሰው ይህን ያንብብ። በ2009 ታኅሣሥ ሐኪም አያት፤ ፌኖባርቢታል የሚባል ክኒን በየቀኑ ትወስዳለች፤ አሁን ከዓመት በላይ ወድቃ አታውቅም። ርካሽ መድኃኒት ነው። ደህና ሆንኩ ብሎ ድንገት ማቆም ግን አደገኛ ነው፤ በሽታው ብሶ ይመለሳል። ሲጥላት ክብሪት ማሽተት፣ አፏ ውስጥ ማንኪያ መክተት ቀርቷል። ከእሳትና ከስለት እናርቃታለን፣ በጎኗ እናስተኛታለን፣ ደቂቃውን እንቆጥራለን፤ ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ወደ ሕክምና። ጠበልም ትጠመቃለች፤ ክኒኗን ውጣ ትሄዳለች። አባም የሚሉት ይህንኑ ነው።

ብሩን ለፖሊስ ያመለከትነው ሐፍረት ይዞን ዘግይተን ነው፤ አልተገኘም። በስምንተኛው ቀን ብንሄድ ኖሮ ቢያንስ ሌላ ቀበሌ ይሰማ ነበር። የሐፍረትን ነገር የማነሣው ለዚህ ነው።

ራንዲ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በ92 ዓመቱ ማረፉን ሰምቼ ለእናቴ ነገርኳት። «ያ ማንኪያ የሚጠብቀው ሽማግሌ?» አለች። አዎ አልኳት። «ነፍስ ይማር» አለች፤ እኔም አሜን አልኩ።

ባለፈው ዓመት አንዲት የማናውቃት ሴት ደጃችን ቆማ ውሃ ለመነች። እናቴ ውሃውን ሰጠቻት፣ ቁጭ በይ አለቻት፣ ቆሎም አቀረበችላት። ሴትየዋ ስለ ልጆቿ፣ ስለ ባሏ፣ ቤት ውስጥ የታመመ እንዳለ መጠየቅ ስትጀምር እናቴ ብድግ ብላ ወደ አጥሩ ሄደችና «እትዬ! ነይማ፣ እንግዳ አለን፤ አብረን እናጫውታት» ብላ ተጣራች።